ሥዕሉ ነው የሚያያችሁ

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ምንድነው ይሄ?»

«እኔ እንጃ። ክንፍ አለው።»

«ወፍ ነዋ!»

«ወፍ ጥርስ አለው እንዴ?»

ተሳሳቁና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ። የሚቀጥለው ላይ ላም፣ ጎጆና ተራራ ነበር። እዚያ ጋ በደንብ ቆዩ።

አልፈርድባቸውም። ሥዕል ፊት ስንቆም ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምንድነው?» ብለን ነው። ላም ከሆነ ላም ነው፤ ተገላገልን። መልስ ካጣን ወይ እንስቃለን፣ ወይ የገባን መስለን አገጫችንን ይዘን ዝም እንላለን። ሁለተኛውን እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ፈረንጆቹ «ስኩንደር» የሚሉት። ስሙን የሰማ ብዙ ነው። ሥዕሉ ፊት ሲቆም የሚደናገረውም እንደዚያው ብዙ ነው። ሱሪያሊስት ነው ስለሚባል ገና ሳናየው «ይሄ ለተማረ ሰው ነው» ብለን እናልፈዋለን። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰውየው ከዕድሜው ሁለት ሦስተኛውን የኖረው ፈረንጅ አገር ስለሆነ ይቀለናል።

መጀመሪያ ሱሪያሊዝምን እንገላግለው።

ሱሪያሊዝም ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው የሳልቫዶር ዳሊ እንደ ቅቤ የቀለጠ ሰዓት ነው። ነገሩ የሚነሳው ግን ከሠዓሊ ሳይሆን ከሆስፒታል ነው። አንድሬ ብሬቶን የሚባል ፈረንሳዊ የሕክምና ተማሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አእምሯቸው የተነካ ወታደሮች የሚታከሙበት ቦታ ይሠራ ነበር። ወታደሮቹ የሚያወሩት መያዣ መጨበጫ የለውም። ግን በመሀል የትኛውም ገጣሚ የማያስበው ነገር ይወጣቸዋል። ብሬቶን የፍሮይድን ሐሳብ ያውቅ ነበር፤ ከምናስበው ሐሳብ ሥር ሌላ የማናዘው ሐሳብ አለ የሚለውን። አውሮፓ ደግሞ ያን ጊዜ በሠለጠነ አእምሮዋ ሚሊዮኖችን ጨርሳ መቁጠሯ ነው። ሠለጠነ የተባለው አእምሮ እዚህ ካደረሰን እስቲ ሕልምንም እንስማው አለ ብሬቶን። በ1924 ፓሪስ ላይ ማኒፌስቶ አወጣ፤ እንቅስቃሴው በይፋ ተጀመረ።

ገጣሚዎቹ ሳያስቡ በፍጥነት መጻፍ ያዙ። እጅ ይቅደም፣ ጭንቅላት ይከተል። ሠዓሊዎቹም የየራሳቸውን ዘዴ ፈለጉ። የማክስ ኤርንስትን ዘዴ ሁላችንም በልጅነታችን ሞክረነዋል፤ ሳንቲም ከወረቀት ሥር አስቀምጦ በእርሳስ መፈተግ። እሱ በሳንቲም ፋንታ የወለል ጣውላ ተጠቀመ። ከእንጨቱ ጅማት ውስጥ ጫካ ወጣለት፣ ወፍ ወጣለት። ሳላቸው ከማለት አገኛቸው ማለት ይሻላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ። ለብሬቶንና ለጓደኞቹ ሕልም የአንድ ሰው ጓዳ ነው። ቁልፉም ያው ሰውዬ ጋ ነው። እኛ ቤት ግን ሕልም ተቆልፎበት አያውቅም። ጠዋት ቡና ላይ ይወራል። እናት ትፈታዋለች፣ ጎረቤት ትጨምርበታለች፣ «ሕልም እንደ ፈቺው» ይባላል። ጥርስ ሲወልቅ ማየት ምን ማለት እንደሆነ፣ አይቶት የማያውቀውም ያውቀዋል። እስክንድር ፓሪስ ሲደርስ እንዲህ ካለ ቤት ነው የሄደው።

የተወለደው በ1937 አዲስ አበባ ነው፤ ከተማዋ በጣሊያን እጅ እያለች። አባቱ ኮስሮፍ ቦጎሲያን የአርመን ዘር ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ናቸው። በወረራው ዘመን አባትየው ጣሊያን አገር ታስረው ነበርና ልጁን አጎቱና ሌሎች ዘመዶቹ አሳደጉት። የአዲስ አበባ አርመኖችን የሚያውቅ ያውቃል፤ ወርቅ አንጥረኛ፣ ጫማ ሠሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ አስተማሪ ሳይቀር ነበሯቸው። እንግዳም ቤተኛም ነበሩ። ይሄ ሁለት ቦታ መቆም በኋላ ሥዕሉ ላይም ይታያል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። ሥዕል ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ምሁር ናቸው። እሳቸው በውኃ ቀለም ይስሉ ነበር፤ ዋናው ሙያቸው ግን የጥንቱን የኢትዮጵያ ሥዕል ማጥናት ነበር። የእስክንድር ታሪክ ሲወራ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔን ግን ከለንደኑም ከፓሪሱም ትምህርት ይልቅ የሚያስቆመኝ እሱ ነው። ልጁ ገና ከአገር ሳይወጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳንና ብራናን እንደ ሥዕል የሚያይ ሰው አጠገቡ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው ለብራና ሥዕል ይሰግድለት ነበር እንጂ «ይሄ መስመር እንዴት ተሠመረ?» ብሎ አይጠይቅም።

በ1954 በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ውድድር ሁለተኛ ወጣ። በዓመቱ የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ሄደ። እዚያ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ስሌድን ጨምሮ ሦስት የሥዕል ትምህርት ቤቶችን አዳረሰ። ለንደን ብዙም የያዘችው አትመስልም። ፓሪስ ተሻገረና ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። ግራንድ ሾሚዬር በሚባለው የሥዕል አካዳሚ መጀመሪያ ተማሪ፣ ከዚያ አስተማሪ ሆነ።

የዚያን ጊዜዋ ፓሪስ የፈረንሳዮች ብቻ አልነበረችም። ከሴኔጋል፣ ከማርቲኒክ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና የጃዝ ሙዚቀኞች ካፌ ለካፌ ይገናኙባት ነበር። ቅኝ ግዛት እየተናደ ነው። ጥቁርነት ምንድነው የሚለው ክርክር ጦፏል። ቅኝ ካልተገዛ አገር የመጣው የአዲስ አበባ ልጅ አፍሪካዊነቱን በደንብ የተማረው እዚያ ነው።

የፖል ክሌን ሥራ አየ፣ የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታን አየ። ከሁሉም በላይ የነካው ግን የኩባው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ነው። የላምን ነገር ጠጋ ብለን እንየው፤ የእስክንድር ቁልፍ እሱ ጋ ነውና። ላም አባቱ ቻይናዊ፣ የእናቱ ወገን ደግሞ የአፍሪካ ደም ያለበት ነው። የክርስትና እናቱ በባርነት ዘመን ከአፍሪካ የተሻገሩትን አማልክት የምታገለግል ሴት ነበረች። እሱ ግን አውሮፓ ሄዶ፣ ከፒካሶ ጋር ተወዳጅቶ፣ ከብሬቶን ጋር ውሎ፣ የዓለም ጦርነት ወደ ኩባ ሲመልሰው ነው የክርስትና እናቱን ዓለም እንደ አዲስ ያየው። በ1943 «ጫካው» የሚባለውን ትልቅ ሥዕሉን ሠራ፤ ከሸንኮራ አገዳው መሀል ሰውም እንስሳም ያልሆኑ ፊቶች ብቅ ያሉበት። እነዚያ ፊቶች ከላም የግል ጓዳ የወጡ አይደሉም። መንደሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ይሄን ሥራ ያየ ኢትዮጵያዊ ምን ትዝ ይለዋል?

እኔ የአያቴ ክታብ ነው ትዝ የሚለኝ። በቆዳ ተለብጦ ከአንገቷ አይወርድም ነበር። እኛ ልጆቹ ስንነካው እጃችንን ትመታን ነበር። ተከፍቶ ያየሁት እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ጠባብ ብራና ነው፤ የፍየል ይሁን የበግ አላወቅሁም። ቁርጥራጮቹ በጠፍር ተሰፍተው ተቀጣጥለዋል። ዘርግተን ዘርግተን አልጨርስ አለን። በኋላ ነው የተነገረኝ፤ ክታብ ሲጻፍ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ፣ «ለአመትከ» ከሚለው ቀጥሎ የአያቴ የክርስትና ስም በቀይ ተጽፏል። የሱስንዮስ ጸሎት አለው፤ ስለ ሾተላይ መሆኑ ነው። አያቴ ከእናቴ በፊት ልጆች ሞተውባት ነበር።

ከጽሑፉ በላይ፣ በመሀልና በመጨረሻው ሥዕል አለ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ። መረብ የመሰለ የመስመር ጥልፍልፍ። ከዚያ ደግሞ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፤ መሀሉ ላይ ፊት፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ዓይን ብቻ። በየጥጋጥጉም ዓይን።

የክታብ ሥዕል አሠራሩ ይገርማል። ሰው አይቶ እንዲደነቅበት አልተሳለም። ደብተራው የሚስለው በሽተኛው ላይ ላደረው መንፈስ ነው። መንፈሱ በሰውየው ዓይን ወደ ውጪ ሲመለከት፣ ብራናው ላይ ያሉት ዓይኖች ቀድመው ያዩታል። ይደነግጣል። ይሸሻል። ሥራው የሥዕሉ ነው፤ እኛ ምስክር ነን። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕልም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ይሳላሉ። ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለምን ቢባል፣ በሁለት ዓይን የተሳለ ያያችኋላ!

አሁን ወደ እስክንድር እንመለስ። «የጁጁ ሰርግ» የሚባል ሥራ አለው፤ በ1964 ፓሪስ የሠራው። ትንሽ ናት፤ ቁመቷም ወርዷም ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ጁጁ በምዕራብ አፍሪካ ለአስማትና ለክታብ የሚሰጥ ስም ነው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «የክታብ ሰርግ» እንለው ነበር። የተሠራችበትን ነገር ልብ በሉ፦ ካርቶን፣ ቴምፔራና የብረት ቀለም። ቴምፔራ ማለት ዱቄት ቀለም በእንቁላል አስኳል የሚበጠበጥበት የጥንት ዘዴ ነው። ካርቶኑ በከፊል ተቆርጧል፣ በከፊል ተቀድዷል። ሸራ አጥቶ አይመስለኝም። ሸራ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ እንደ መስኮት በሱ አሻግራችሁ ታያላችሁ። የተቀደደ ነገር ግን ራሱ ዕቃ ነው፤ እንደ ቆዳ፣ እንደ ብራና። ኪስ ውስጥ ሊገባ፣ አንገት ላይ ሊታሰር የሚችል ነገር። ይሄ የእኔ አነባበብ ነው፤ ግን የተቀደደውን ጠርዝ ካያችሁ በኋላ ሌላ አነባበብ ማሰብ ይከብዳል።

ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይቺን ሥራ ገዛት። ከዚያ በፊት በ1963 የፓሪሱ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥራውን ገዝቶ ነበር። ያን ጊዜ ገና 26 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ሊቃውንቱን ላስቀይም ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ሲወራ «ሰምና ወርቅ» ማለት ተለምዷል። እስክንድርም ላይ ይለጠፋል። እኔ አይመስለኝም። በቅኔ ሰሙን ስታቀልጠው ወርቁ ይወጣል፤ ወርቁ ደግሞ ባለቅኔው አስቦ ያስቀመጠው ነው። መምህሩ «ወርቁ ይሄ ነው» ይልሃል፣ ያልቃል። የእስክንድር ሥዕል ግን እንደዚያ አይፈታም። ክንፍ ያለውን ፍጡር «ይሄ ነፍስ ነው»፣ እባቡን «ይሄ ዘመን ነው» ብላችሁ ተርጉማችሁ ስትጨርሱ፣ ሥዕሉ እዚያው ቆሞ ያያችኋል። የተረጎማችሁት ምንም አልቀነሰለትም። ከቅኔ ይልቅ ለሕልም የቀረበ ነው፤ ሕልም ደግሞ እንደ ፈቺው ነው።

እንደ «የጁጁ ሰርግ» ሁሉ በ1964 የሠራው ሌላ ሥዕል አለ። በዘይት ቀለም፣ ትልቅ ሸራ ላይ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ይሆናል። ዛሬ አሜሪካ፣ ራሌይ ከተማ፣ በኖርዝ ካሮላይና የሥዕል ሙዚየም ይገኛል። ጨለማ ነው፣ ግን ጨለማው ውስጡ ያበራል። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ። ከሩቅ ስታዩት የሰማይ ካርታ ይመስላል፣ ስትጠጉ የነፍሳት ክንፍ። መሬት የለም፤ የቱ ላይ ነው የታች የሚባለው አይታወቅም። ርዕሱን ደግሞ እዩት፤ ፍርሃትና ደስታ፣ ሁለቱም ባንድ ሌሊት። ልጅ ሆናችሁ ጥምቀት ዋዜማ ላይ በሌሊት ውጪ ካደራችሁ፣ ከበሮው ከሩቅ እየተሰማ፣ ብርዱ እየገባ፣ ጨለማው እያስፈራ ግን ቤት ግቡ ስትባሉ እንቢ ያላችሁበትን ስሜት አስታውሱት። ወደ ሥዕሉ በእሱ በኩል መግባት ይቻላል። «ምንድነው?» በሚለው በኩል ግን በሩ ዝግ ነው።

በ1966 አገሩ ተመለሰና አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ እዚያው ያስተምር ነበር። እስቲ አስቡት፤ የዚያ ዘመን ተማሪ ባንድ ኮሪደር የገብረ ክርስቶስን አብስትራክት ያያል፣ በሌላው የእስክንድርን መናፍስት። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳ ወዳጁ ነበር፤ ስለ ሥራዎቹም ጽፏል።

ያስተማረው ከሦስት ዓመት አይበልጥም። አሻራው ግን ዛሬም አለቀቀም። ተማሪው የነበረው ዘሪሁን የትምጌታ በቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥሮች ላይ እየሳለ፣ ክታብ የሚመስሉ ረጃጅም ሥራዎችን ሠርቷል። መምህሩ ቅርጹን አስጠንቶት አይመስለኝም። የአያትህን ዕቃ ሳታፍርበት እየው ብሎት ነው የሚመስለኝ። በዚያ ዘመን ለተማረ ሰው ክታብ የኋላቀርነት ምልክት ነበር፤ ከቤተ ክህነት በኩል ደግሞ ጥንቆላ ነው የሚሉት ነበሩ። ከሁለቱም ወገን የተነቀፈ ነገር ክፍል ውስጥ አምጥቶ «ይሄ ሥዕል ነው» ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1970 አሜሪካ ገባ። ከ1972 ጀምሮ ዋሺንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወደ 30 ዓመት አስተማረ። ፊደልን የሥዕሉ አካል ያደረገው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እዚያ ተማሪው ነበር። እስክንድር «የመጀመሪያው መጨረሻ» የሚባለውን ትልቅ ሥዕል በ1972 እና 1973 ሠራ፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ዋዜማ ማለት ነው። አሁን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ።

የአሜሪካ ሥራዎቹ ውስጥ እኔን የሚስበኝ ዕቃው ነው። ከሸራ እየራቀ ሄደ። ቆዳ ላይ ሠራ። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በሚሠራ ጨርቅ ላይ ሠራ። ልጡን እያሳበጠ፣ እየተጫነ፣ ከውስጡ ቅርጽ እንዲነሳ ያደርገዋል። ኤርንስት ከወለሉ ጣውላ ወፍ እንዳገኘው ሁሉ፣ እሱም ከልጡ የሚወጣውን ይጠብቃል። ልዩነቱ፣ ከእስክንድር ልጥ የሚወጣው ነገር አገር ያለው መሆኑ ነው። ጥቅልሉ አለ፣ ኮከቡ አለ፣ ፊደል መሰል ጭረቱ አለ፣ ዓይኑ አለ።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ዋሺንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። «ኔክሰስ» ይባላል፤ መገናኛ፣ ማሰሪያ እንደማለት ነው። በ2001 ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠሩት ነው። ድንጋይ ግድግዳ ላይ የተገጠመ አሉሚኒየም፤ ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ይጠጋል። የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የቤተ እስራኤሉና የሌላውም እምነት ምልክት፣ የሙዚቃ መሣሪያው፣ የቤት ዕቃው፣ ተክሉና አውሬው አንድ ላይ ተያይዘው ይሄዳሉ። ልጡና ብራናው ቀርቶ ብረት ሆኗል እንጂ፣ ተዘርግቶ የማያልቅ ክታብ ነው። እስክንድር በሠራው በሁለተኛው ዓመት፣ በሜይ ወር 2003፣ በ65 ዓመቱ እዚያው ዋሺንግተን አረፈ።

ፓስፖርት ለማሳደስ ወደ ኤምባሲው የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት። ወረቀቱን ይዞ ሲጣደፍ ቀና ብሎ ላያየው ይችላል።